የጥቁሩ ዓለት ፋኖስ

ባሌ ደሞዝ ይባላል፤ ሥራው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰውን «አትምጡ» ማለት ነበር። እንግዳ ይጠላል ማለቴ አይደለም፤ እንግዳ ከመጣማ አልጋውን ለቆ መሬት የሚተኛ ሰው ነው። ሥራው ሆኖበት ነው።

እኛ ጠይቦች ነን። ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ዳር፣ አንዲት ጉብታ ላይ ሰባት ቤት ሆነን እንኖራለን። ወንዶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ ሸክላ እንሠራለን። የፎገራ ገበሬ ያለ እኛ ማረሻ አያርስም፤ ሚስቱም ያለ እኛ ማሰሮ ወጥ አትሠራም። ቤታችን ገብተው ግን ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ልጃቸውን ሆዱን ከቆረጠው ያየነው እኛ ነን፤ ላማቸው ከነጠፈች ያየናት እኛ ነን። ቡዳ ይሉናል። እኔ እናኑ በዚህ ዓይኔ ስንት ላም እንዳነጠፍኩ ሲወራ ስሰማ፣ ታዲያ ወተቱ የት ገባ እላለሁ፤ ቤቴ አንድ ቅል እርጎ ተርፎ አያውቅም።

ደሞዝ ከዚህ ስም ነው የሸሸው። በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ልጃችን እታለም ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ምጽዋ ላይ ብረት ሠሪ ይፈለጋል ሲባል ሰምቶ ከጎንደር በጭነት መኪና ተሳፈረ። ከባሕሩ መሐል፣ አንዲት ደሴት ላይ፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የቆመ የመብራት ማማ ነበር፤ መርከቦች በጨለማ እንዳይላተሙ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ። መብራቱን የሚያዞረው ብረት ዝጎ ኖሮ ደሞዝን ወደዚያ ላኩት። ጠግኖ ሲጨርስ እዚሁ ቆይ አሉት፤ ቆየ።

በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለወር ያህል ይመጣ ነበር። ሲመጣ ወሬው ሁሉ ያች ደሴት ናት።

«የተቃጠለች አገር ናት» ይለኛል። «ድሮ ከምድር ሥር እሳት ወጥቶ ድንጋዩን አቅልጦታል አሉ። ከአባቴ ወናፍ ኋላ የምንጥለውን የብረት ቆሻሻ ታውቂው የለ? ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን? ደሴቲቱ በሙሉ እሱ ናት። ሣር የለ፣ ዛፍ የለ። ስትረግጪው እንደ ገል ይንኮሻኮሻል።»

«ታዲያ እዚያ ማን ይመጣል?»

«ማንም። እንዲመጣም አንፈልግም። መብራቱ እኮ ና አይልም እናኑ። ራቅ ነው የሚለው። እዚህ ዓለት አለ፣ ከቀረብህ ትሰበራለህ ነው የሚለው። አንድ መርከብ ወደኛ መጣ ማለት ሥራችንን አበላሸን ማለት ነው።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «ወግ ነው! ፎገራ ላይ ሰው ሲሸሽህ ኖረህ፣ ጭራሽ ሰው ለማባረር ምጽዋ ድረስ ሄድህ?»

እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «እዚያ የሚሸሹት ዓለቱን ነው» አለኝ። «እኔን አይደለም። አንዳንዱ መርከብ ሲያልፍ ጡሩምባውን ይነፋልናል።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለአንድ ጡሩምባ ይህን ያህል መሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አለቃው ከዳህላክ የመጣ እስላም ሽማግሌ ነበር፤ ሥጋውን ለየብቻ ቢበሉም፣ ዓሣ ሲሆን ከአንድ ሣህን ይቀርቡ እንደነበር ሲነግረኝ ነው የገባኝ። ባሌ ዓሣ አብሮት የሚበላ ሰው ያገኘው ከዚያ ከተቃጠለ ድንጋይ ላይ ነበር።

በሃምሳ አራት ራሱን በራሱ የሚለኩስ መብራት መጣና ሰው አያስፈልግም ተባለ። ሽማግሌው ሲሰናበተው ከአሮጌው መብራት የወለቀ አንድ መስታወት ሰጠው። እንደ ጡብ የወፈረ፣ ፊቱ እርከን እርከን የሆነ ነገር ነው። ከኋላው ትንሽ ኩራዝ ካስቀመጥክ ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ ይወረውረዋል። ደሞዝ በቡልኮ ጠቅልሎ፣ ከምጽዋ እስከ ወረታ ጭኑ ላይ ይዞት መጣ። እታለም ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷን ከማቀፏ በፊት መስታወቱን ተቀበለችው፤ እንዳይወድቅበት።

የፎገራን ክረምት ለማያውቅ ልናገር። ሐምሌ ሲጋመስ ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች ከአፋቸው ይወጣሉ፣ ጣናም ወደኋላ ይመልሳቸዋል፤ ያ ሁሉ ሜዳ ውኃ ይሆናል። ከብት ወደ ደጋ ይወጣል፤ ሰው በደንገል ታንኳ ይሄዳል። ሜዳው ላይ ያለው ውኃ ከወገብ አያልፍም። ገዳዩ ጉማራ በበጋ የሚወርድበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ እሱ ከጎርፉ ሥር ተደብቆ ይሮጣል። ቀን ቀን የጉድጓዱን አፋፍ የሚያሳይ አንድ ጥቁር ዓለት ብቻ ነው፤ ከውኃው በላይ የጎጆ ጣራ የሚያህል ብቅ ይላል። ሲመሽና ጉም ሲወርድ እሱም አይታይም። በየክረምቱ አንድ ሁለት ሰው ይጠፋል።

ደሞዝ ገና በመጣበት ዓመት ጉብታችን ላይ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚሆን የድንጋይ ካብ ካበ። እኔ ነፋስ እንዳያጠፋው አንድ ትልቅ ጋን ሠርቼ ጎኑን በመስኮት ልክ ቀደድኩለት። ፋኖሱ ከውስጥ፣ መስታወቱ ከመስኮቱ ላይ ሆነ። ከገበሬዎቹ ሊያግዘው የመጣ አንለይ ብቻ ነበር፤ ማረሻውን ሁልጊዜ እኛ ዘንድ የሚያሠራ፣ አነጋገሩ ደግ የሆነ ሰው። እሱም ቢሆን ቆሞ ችንካር ያቀብል ነበር እንጂ ቤት ግባ ሲባል ቸኩያለሁ ይላል።

«እዚህስ ምን ይላል መብራቱ?» አልኩት ደሞዝን ላሾፍበት።

«እዚህማ ና ነው የሚለው» አለ። «ደረቅ መሬት እዚህ አለ፣ ቤት እዚህ አለ፣ ና።»

ይህን ሲል ፊቱን ብታዩት! ድግስ ደግሶ በር ላይ የቆመ የሙሽራ አባት ይመስል ነበር። እታለም በየማታው መስታወቱን በአመድና በጥጥ ትወለውላለች፤ እሱ ይለኩሳል፤ ከዚያ ሁለቱም ቁጭ ብለው ወደ ውኃው ያያሉ። የመጀመሪያው ክረምት አለፈ፤ በመብራቱ የመጣ አንድ ታንኳ የለም። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛውም።

አንለይ አንድ ቀን እውነቱን ነገረው። «ሰዉ ይፈራል ደሞዝ።»

«እሳት ምኑ ይፈራል?»

«እሳቱን አይደለም። የለኮሰውን ነው።»

ደሞዝ ወደ ወናፉ ተመለሰ። ማታ ግን እንደ ወትሮው ለኮሰ።

በሃምሳ ሰባት ነሐሴ ጉልበቴን አሞኝ ተኛሁ። ከሐይቁ ዳር ያሉ ሴቶች አምስት ማሰሮ አዘውኝ ነበር፤ በየዓመቱ የማደርሰው እኔ ነኝ። እታለም «እኔ ላድርስልሽ እማየ» አለች። አንለይና ታናሽ ወንድሙ ማሩ ወደዚያው ይሄዱ ስለነበር በታንኳቸው ይዘዋት ሊሄዱ ተስማሙ። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ በገለባ የጠቀለልኳቸው እኔ ነኝ። እንዳይሰበሩ አደራ አልኳት። ስለ ማሰሮ ነበር የተጨነቅኩት፤ ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ደሞዝ እስከ ውኃው ድረስ ሸኛት። «ስትመለሱ ቢመሽባችሁ መብራቱን እያየሽ ነይ» አላት።

«ሌላ ምን አያለሁ አባየ?» አለችው፤ እየሳቀች።

በማግሥቱ መመለስ ነበረባቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ፤ ሲያባራ ጉም ተከተለ። ደሞዝ ገና ሳይመሽ ለኮሰ። እኔ በዱላ እየተደገፍኩ ከካቡ ሥር ተቀመጥኩ። ቆየን። ደጋግሞ ላምባ ጨመረ። እንደማይመጡ ሆዴ ያወቀው ገና ዶሮ ሳይጮህ ነው፤ አፌ ግን እዚያው ሐይቁ ዳር አድረው ይሆናል ሲል ነበር። ሲነጋ አንለይን ብቻውን ከጥቁሩ ዓለት ላይ እንዳወረዱት ሰማን። የእታለምንና የማሩን ሬሳ በዚያው ቀን ከደንገሉ ውስጥ አገኟቸው።

በሰልስቱ አንለይ በዱላ እያነከሰ ለቅሷችን መጣ። ከደጃፉ የሚቆም መስሎኝ ነበር፤ ገባ። በዚያ ሁሉ ዓመት ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው ነው። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ደሞዝ» አለ። «ልንገርህ። ካልነገርሁህ አላድርም።»

«ተናገር።»

«ጉሙ ሲመጣ ጠፋን። የትኛው ሐይቅ የትኛው አገር እንደሆነ አይታይም። ከዚያ መብራቱን አየነው። ልጅህ ብድግ አለች። 'ያ የአባየ ነው! ወደሱ ቅዘፉ!' አለች። ደስ ብሏት ነበር።»

አንለይ ቀጠለ።

«ማሩ አማተበ። 'የጠይብ እሳት ነው፣ አዙረው' አለኝ። እኔ አንተ እንደሠራኸው አውቃለሁ። ችንካሩን ያቀበልሁህ እኔ ነኝ። ግን ጨለማ ነው፣ ውኃ ነው፣ ከልጅነቴ የሰማሁት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ፈራሁ። እሷ እጄን ይዛ 'ኧረ በማርያም፣ የአባየ መብራት ነው' እያለች ትለምነኛለች። አዞርሁት። ያዞርሁት ወደ ጉማራ ነበር።»

እኔ መልአክ አይደለሁም። ዱላዬን አነሳሁበት። ውጣልኝ አልኩት፤ የማይባል ብዙ ነገር አልኩት፤ እሱ የራሱን ወንድም ቀብሮ መምጣቱን እንኳ ማሰብ አልቻልኩም። ደሞዝ ዱላውን ከእጄ ወሰደ።

«አንለይ» አለው። «ደህና ይታይ ነበር?»

«ምኑ?»

«መብራቱ።»

አንለይ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ጥርት ብሎ ይታይ ነበር» አለ፤ ከዚያ አለቀሰ።

አገሩ ግን የራሱን ነገር አወራ። ማሩን የጠይብ እሳት ጠርቶ በላው ተባለ። ልጃችን አብራ መሞቷን ማንም አላነሣም፤ ያነሣም ካለ የገዛ ልጃቸውን ሳይቀር ይበላሉ ብሎ ነው። መብራቱ እንዲጠፋ ሽማግሌ ላኩብን። ደሞዝ ሳይከራከር ካቡን በገዛ እጁ አፈረሰ። መስታወቱን በእታለም ነጠላ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አገባው። በጋውን በሙሉ ወናፉን የነፋው ለማረሻ ያህል ብቻ ነበር። ከእኔ ጋርም ብዙ አይነጋገርም ነበር። እኔም ማሰሮ በገለባ መጠቅለል አቃተኝ።

በሃምሳ ስምንት ሰኔ፣ ውኃው ሳይመጣ፣ ብቻውን ወደ ጥቁሩ ዓለት ሄደ። ማታ ሲመለስ አንዲት ስባሪ ድንጋይ ይዞ ነበር። ጥቁር ናት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ። ከእጄ ላይ አስቀመጣት።

«እንደዚያው ናት» አለኝ። «እንደ ደሴቴ። እዚህም ድሮ ተቃጥሎ ኖሯል እናኑ፤ ማንም ሳያውቅ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ከነሐሴ ወዲህ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ሥራ የያዘ ሰው ፊት።

«መብራቱ ጥፋት አልነበረበትም» አለ። «ያቆምሁበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ሰዉ የእኔን መብራት ሲያይ ይሸሻል። የሚሸሽ ከሆነ፣ መሸሽ ካለበት ቦታ ላይ ነው መቆም ያለበት። ይህን እኮ ዘጠኝ ዓመት ሠርቸዋለሁ። እንዴት ጠፋኝ?»

ምን እንዳሰበ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «ለእነሱ? ልጄን ላስገደሉብኝ ሰዎች ከጎርፍ መሐል ልትቀመጥ ነው? ደግሞስ ከዓለቱ ላይ እሳት ሲያዩ ምን እንደሚሉን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በገዛ እጃችን ቡዳነታችንን ልናውጅ ነው?»

«ሲሉን ኖረው የለ?» አለ። «እስካሁን ለማንም አልጠቀመም። አሁን ይጥቀም።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን አፈር አቡክቼ ሌላ ጋን መሥራት ጀመርኩ። ይቅር ብያቸው አይደለም፤ አሁንም ይቅር አላልኩም። ሌላ እናት እንደኔ ከካብ ሥር ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ታየችኝ፤ ያንን ለጠላቴም አልመኝም።

ደሞዝ አንለይን አስጠራው። አንለይ ከዚያች ቀን ወዲህ ሲመጣ ቤት ይገባል፤ ከነገር ሁሉ የተረፈን ይህ ነው። ደሞዝ የሚያደርገውን ሁሉ አስረዳውና «ለሰዉ ንገር» አለው። «ከጥቁሩ ዓለት ላይ የጠይብ እሳት አለ፣ ወንድሜን የበላው እሱ ነው፣ ያያችሁ እንደሆን አዙሩ በል። ለእናንተ ብሎ ነው አትበል። እንዲያ ካልህ ደፍሮ ሊያየው የሚጠጋ አይጠፋም።»

አንለይ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይህን በአንተ ላይ አልናገርም። ከዚያ ሁሉ በኋላ? በአንተ ላይ?»

«አንድ ጊዜ አዙረኸዋል አንለይ» አለው ደሞዝ ቀስ ብሎ። «አሁን ሌሎቹን አዙርልኝ።»

አንለይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሳለ ተናገረ። ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ፤ ሰዉም ከፍርሃት የመጣ መስሎት ይበልጥ አመነው። ከዚያ ወዲህ ወረታ ገበያ ሸክላ ተሸክሜ ስሄድ መንገድ ይለቁልኛል። አንዲት ሴት ከእኔ የገዛችውን ማሰሮ ከእግሬ ሥር ወርውራ ሰበረችው። ማረሻ ማምጣት ግን አልተዉም፤ እሱን ማን ይሠራላቸዋል!

ሐምሌ ላይ፣ ውኃው ከመበርታቱ በፊት፣ በራሳችን ታንኳ ስንቅና ላምባ አሻገርን። ደሞዝ ከዓለቱ አናት ላይ ትንሽ የድንጋይ መጠለያ ሠራ፤ ሁለታችንም እዚያው ከረምን። አንለይ በየሳምንቱ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሳያየው፣ እንጀራ ያደርስልናል። ማታ ማታ እኔ መስታወቱን በአመድና በጥጥ እወለውላለሁ። ያ ሥራ የማን እንደነበር ሁለታችንም አንናገርም። በዚያ ክረምት በጉማራ የሞተ ሰው የለም።

አሁን የምነግራችሁ የተከታዩን ክረምት ነው፤ የሃምሳ ዘጠኝን ነሐሴ፤ እታለም ከሁለት ዓመት በፊት በሞተችበት ሳምንት ነበር። ደሞዝ በዚያ ጊዜ ዓይኑ ደክሟል። ዘጠኝ ዓመት ትልቁን መብራት ሲያይ የኖረ ዓይን ነው፤ ፋኖሱን ካልሆነ ከክንዱ አልፎ ያለውን አይለይም። ጉሙ ወርዶ፣ ጉማራ ከእግራችን ሥር እየጮኸ ሳለ ድምፅ ሰማሁ። ታንኳዎች ናቸው፤ ሁለት። ሴት ታወራለች፣ ሕፃን ይነጫነጫል፣ መቅዘፊያ ውኃውን ይመታል። ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ነበር የሚመጡት።

«ወዴት በኩል?» አለኝ ደሞዝ።

እጁን ይዤ መስታወቱን አዞርኩለት። ብርሃኑ ጉሙን ሰንጥቆ ሄደ። ወሬው ቀጥ አለ።

«በስመ አብ!» ብላ ሴትየዋ ጮኸች። «እሱ ነው! የጠይቡ እሳት! አዙሩት፣ በሞቴ አዙሩት! ዘራቸውን ያጥፋውና!»

ዘራችንማ ጠፍቷል። እዚያው፣ እሷ ከምትጮኽበት ሥር ነው የጠፋው። ይህን ጮኼ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደሞዝ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ። አፌን ዘጋሁ።

መቅዘፊያው በፍጥነት ሲመታ ተሰማኝ። አንዱ ወንድ ይጸልያል፣ ሕፃኑ ከእናቱ ጩኸት ደንግጦ አምርሮ ያለቅሳል።

«ዞሩ?» አለ ደሞዝ።

«ዞሩ።»

«ሁለቱም?»

ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኩ። ልቅሶው ወደ ሜዳው፣ ከወገብ ወደማያልፈው ውኃ እየራቀ ሄደ። ልጄ እንደዚያ ሕፃን የምታለቅስበት ጊዜ ትዝ አለኝና እንባዬ ወረደ።

«ሁለቱም» አልኩት።

ተነፈሰ። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ።

«ላምባ ጨምሪበት» አለኝ። «ገና የሚመጣ ይኖራል።»